አሥራ ሁለተኛው ጨርቅ

አምና በመጋቢት፣ የፀደይ አዲስ ዓመታችን ናቭሩዝ ባለፈ በሳምንቱ፣ ከአውራጃው አንድ ወጣት ባለሙያ ወረቀት ታቅፎ ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። መጠይቅ ነው። የሥራ ባልደረባችሁን ምን ያህል ትረዳላችሁ፣ መርዳታችሁስ በሥራችሁና በኑሯችሁ ምን ያህል እርካታ ሰጣችሁ የሚል ሃያ አራት ጥያቄ አለው። የተሰጠን ጊዜ አርባ ደቂቃ ነበር። እኛ አሥራ ሁለት መምህራን ነን፤ እንደ ልማዳችን አሥራ አንዳችን ወረቀታችንን ወደ ሳኖባር ኦፓ ገፋነው።

ኦፓ የምንላቸው እንደ ታላቅ እህት ስለምናያቸው ነው እንጂ በሥጋ የማናችንም እህት አይደሉም። የባዮሎጂ መምህርት ናቸው።

"ኦፓ፣ የእኔንም ይሙሉልኝ። እኔ እንደ እርስዎ አላሳምርም፤" አለች የታሪክ መምህሯ ኢንቲዞር።

"ምልክት ማድረግ ብቻ እኮ ነው፣ ኢንቲዞር።"

"ቢሆንም። የእርስዎ ምልክት ቀጥ ይላል።"

ሳኖባር ኦፓ መነጽራቸውን አጠለቁና ጀመሩ። የኢንቲዞርን ሞሉ፣ የርዕሰ መምህሩን የማሩፍን ሞሉ፣ የእኔን ሞሉ። ለአሥራ አንድ ሰው "ባልደረቦቼን ሁልጊዜ እረዳለሁ፣ ስለዚህም በጣም ደስተኛ ነኝ" ብለው መለሱ። በመጨረሻ የራሳቸውን ወረቀት ሳብ ሲያደርጉ ወጣቱ ሰዓቱን አየና "አለቀ" አለ። ባዶውን ከሞላው ጋር ደርቦ ሰበሰበው።

ከወር በኋላ ውጤቱ መጣ። በአውራጃው ውስጥ ባልደረባውን በመርዳት እንደ እኛ ትምህርት ቤት የሚደሰት አልተገኘም። ማሩፍ የምስክር ወረቀቱን መስታወት አስገብቶለት ከሻይ ማፍያው በላይ ሰቀለው። ሻይ በቀዳሁ ቁጥር አየዋለሁ። ደስተኛ መሆኔ በማኅተም ተረጋግጦልኛል።

ስሜ ሀይደራሊ ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከፍተኛው የመምህርነት ማዕረግ ነበረኝ፤ ነበረኝ ነው ያልኩት። ይህ ማዕረግ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ የትምህርት ዕቅድ ጽፈህ ታስገባለህ፣ ከዚያ ኮሚሽኑ ይመጣና ክፍልህ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ስታስተምር ይታዘብሃል። ሰው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ይሞሸራል ይባላል እኛ ዘንድ፤ አንዴ ሲያገባ፣ አንዴ ኮሚሽን ሲመጣበት። ከስድስት ዓመት በፊት የእኔ ተራ ደረሰ። ዕቅድ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ የጻፍኩት የራሴን ስምና ቀኑን ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ሐብሐብ ገዝቼ ወደ ሳኖባር ኦፓ ቤት ሄድኩ።

"ስለ ምን ልታስተምር አሰብክ?" አሉኝ።

"ስለ ወንዝ።"

"ምኑን?"

"ኦፓ፣ እሱን ባውቅ ሐብሐብ ለምን እገዛለሁ?"

ሳቁ። ከዚያ ለሠላሳ ዓመት ለራሳቸው ተማሪዎች ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር ነገሩኝ። በትምህርቱ መጀመሪያ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። የሳቸው የሐር ትል ጎጆ ነው፤ በሸለቋችን የትኛው ቤት ትሉን ያላረባ አለ? ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ነገር በጨርቅ ሲጠቀለል እንግዳ ይሆንባቸዋል። "ለአንተ ከወንዛችን ከሲር ዳሪያ ድንጋይ እንጠቅልል፤" አሉኝ። "'ይህ ከየት መጣ?' በላቸውና ዝም በል። ሀይደራሊ፣ ስማኝ፣ ዝም ማለቱ ነው ትምህርቱ። እነሱ እስኪናገሩ ዝም በል።"

አሥራ ዘጠኝ ገጽ ዕቅድ ጻፉልኝ። ድንጋዩን አስቀመጥኩ፣ ጠየቅኩ፣ ዝም አልኩ። ልጆቹ ተንጫጩ፣ ተከራከሩ፣ ወንዙን ከተራራው እስከ በረሃው ራሳቸው አወረዱት። ኮሚሽኑ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የእኔ የነበረው ዝምታው ብቻ ነው፤ እሱንም ሌላ የምናገረው ስለሌለኝ ነው ያማረልኝ።

በማግስቱ ኢንቲዞር ሄደች።

"የሀይደራሊን ስጡኝ፣ ኦፓ።"

"ለታሪክ ሌላ እናስብ እንጂ። እሱማ የኔ የሐር ትል ነው።"

"የለም፣ የለም። ያለፈው ይሻለኛል። የተረገጠ መንገድ እያለ እሾህ ውስጥ ምን አስገባኝ?"

ለሷ የአሮጌ ቤት ቁልፍ ጠቀለሉላት። አለፈች። ማሩፍ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ለሱ የቆመ ሰዓት ጠቀለሉለት። አለፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁላችንም ተራ በተራ ጨርቅ ፈታን። የስፖርት መምህሩ ቶጂቦይ እንኳ ኳስ ጠቅልሎ ገባ። ኳስ በጨርቅም ቢሆን ኳስነቱ ያስታውቃል፤ ልጆቹ ግን ለሱ ብለው ተገረሙለት። ኮሚሽኑም ለልጆቹ ብሎ አሳለፈው። በስድስት ዓመት አሥራ አንድ ሰው ከፍተኛውን ማዕረግ ያዘ። በአውራጃው ወሬ ሆንን።

ሳኖባር ኦፓ ግን ማዕረግ አልነበራቸውም። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል አይደል ተረቱ። ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተው ሁለት ጊዜ አወጡ፤ አንዴ የኢንቲዞር ዕቅድ ስላላለቀ፣ አንዴ የማሩፍ ስላጣደፋቸው። በከተማችን ለአዳዲስ መምህራን የሚሰጥ ኮርስ አለ፤ እሱን መምራት የሚችለው ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ብቻ ነው። የአሠልጣኙ ስም በሩ ላይ ይጻፋል። አንድ ቀን ፈተና እያረምን ሳለ "ሀይደራሊ፣ አንድ በር በስሜ ቢኖረኝ ደስ ይለኛል፤" አሉኝ። እኔም "ይኖረዎታል ኦፓ" ብዬ የእኔንም የፈተና ወረቀቶች ወደሳቸው አስጠጋሁ። ይህን ሳስታውስ አፍራለሁ። ያኔ ግን አላፈርኩም።

አምና ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። በሃምሳ አምስት ጡረታ ይወጣሉ። በሚያዝያ በኮሚሽኑ ፊት ክፍት ትምህርት እንዲሰጡ ቀን ተቆረጠላቸው፤ ይህ የመጨረሻ ዕድላቸው መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ኢንቲዞር የመምህራን ማረፊያው መሃል ቆመች። ደቦ መጥራት ነፍሷ ነው። ጎረቤት ቤት ሲሠራ፣ ጣሪያ ሲጠገን፣ ሰው ሲዳር እሷ ሳትቆም የቆመ ነገር የለም።

"እኚህ ሴት ለኛ ያላደረጉት የለም፤" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ዛሬ የኛ ተራ ነው። በሳቸው ቀን አንድም ሰው እጁን አጣጥፎ እንዳይቆም!"

ሳኖባር ኦፓ ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡ። "ምንም አታድርጉልኝ። እባካችሁ። በተለይ ልጆቹን እንዳትነኩብኝ፤" አሉ። እኛም ትሕትና መሰለንና ይበልጥ ወደድናቸው።

ልጆቹን ነካናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ሳኖባር ኦፓ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠብቀን፣ ተራ በተራ እየገባን አስጠናናቸው። በጨርቁ ውስጥ ምን እንዳለ ነገርናቸው። መቼ እንደሚደነቁ ነገርናቸው። መቼ እንደሚያጨበጭቡ እንኳ ነገርናቸው። ኢንቲዞር ከቤቷ መጋረጃ አምጥታ ሰቀለች፣ ማሩፍ ስምንት የአበባ ማሰሮ ደረደረ፣ ቶጂቦይ ከጠዋቱ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ትልቁን ብረት ድስት ጥዶ ለኮሚሽኑ ፕሎቭ የሚባለውን የሩዝና የሥጋ ምግባችንን ይሠራ ነበር። ሽንኩርትና ካሮት በጥጥ ፍሬ ዘይት ሲቁላላ ሽታው በመስኮት ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት ነው። ያሰርነው አንበሳ ማን እንደሆነ ነው ያላየነው።

የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ናዚራ ባኪሮቭና ቀጥ ያሉ፣ ፈገግታቸውን የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ከኋላ ተቀመጡ። እኛ ከሳቸው ኋላ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ሳኖባር ኦፓ ገቡ፤ ሰማያዊ የሐር ቀሚስ ለብሰዋል። ነጯን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከፊት ያለች ተማሪ ብድግ አለች።

"መምህርት፣ የሐር ትል ጎጆ ነው! ክሩ ሳይበጠስ ቢፈታ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል!"

ክፍሉ በሙሉ "ኦ!" አለና አጨበጨበ። ልክ እንዳስጠናናቸው ነው፤ ጥቂት ብቻ ቀደሙ።

ሳኖባር ኦፓ ጨርቁን እንደያዙ ቀሩ። ጥያቄያቸው ገና ጉሮሯቸው ውስጥ ነበር። ከዚያ ወደ እኛ ተመለከቱ፤ እኛም አበረታታናቸው፣ ኢንቲዞር አውራ ጣቷን አሳየቻቸው። ናዚራ ባኪሮቭና ብዕራቸውን ከደኑ። ትምህርቱ ገና በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነበር።

እንግዳ ሳይበላ አይሄድምና ኮሚሽኑን ግቢው ውስጥ አስቀመጥነው። ናዚራ ባኪሮቭና ከፕሎቩ ሁለት ማንኪያ ጎረሱ።

"ማሩፍ፣ በዚህ ትምህርት ቤት ነገር ሳይጠቀልል የሚያስተምር ሰው አለ?"

"እንዴት ማለትዎ ነው፣ ናዚራ ባኪሮቭና?"

"እዚህ አሥራ አንድ ጨርቅ ሲፈታ አይቻለሁ። ድንጋይ አየሁ፣ ቁልፍ አየሁ፣ ሰዓት አየሁ። ኳስ ሳይቀር አየሁ። የዛሬው አሥራ ሁለተኛው ነው። አሥራ አንድ ሰው ቀድሞ ያቀረበውን ነገር መጨረሻ ላይ ይዘው የመጡት እኚህ ሴት ከሆኑ፣ እንግዲህ ቀዱ ማለት ነው።"

ሳኖባር ኦፓ በዚያው ጊዜ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ደርሰው ነበር። ቀስ ብለው አስቀመጡት።

"የእኔ ነው፤" አሉ።

"እንዲያ ከሆነ ባልደረቦችዎ ይመስክሩ። እያንዳንዱ ሰው ማን ከማን እንደወሰደ ጽፎ በሦስት ቀን ውስጥ ይስጠኝ። ደንቡን ያውቁታል፤ ቀድቶ የተገኘ ለሦስት ዓመት አይወዳደርም።"

ሳኖባር ኦፓ ወደ እኛ ዞሩ። እኛ ሩዙን እናይ ነበር። አንዳችን ተነሥተን "የሳቸው ነው" ብንል ያልቅ ነበር። አልተነሣንም። እኔ አፌ ውስጥ ሥጋ ነበር፤ አፌ ሙሉ መሆኑን ልብ እንዲሉልኝ ብዬ ቀስ ብዬ አላመጥኩት።

በማግስቱ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ በሩን ዘግተን ተቀመጥን። ሳኖባር ኦፓ ክፍል ገብተው ነበር።

"እውነቱን ብንጽፍስ?" አለ ቶጂቦይ።

"እውነቱ ምንድን ነው?" አለ ማሩፍ ቆጣ ብሎ። "ዕቅዱ የሳቸው ነው ካልክ የኛ አይደለም ማለት ነው። የኛ ካልሆነ አሥራ አንድ ማዕረግ ይነሣል። የኔ ርዕሰ መምህርነት ይነሣል። ከዚያ ትምህርት ቤቱን ማን ይመራዋል? አንተ በኳስህ?"

ቶጂቦይ ወደ ሻይ ማፍያው ዞረ። ኢንቲዞር ግን ተስፋ የምትቆርጥ ሰው አይደለችም።

"እንርዳቸው፤" አለች። "ለምን ክፉ ክፉውን ታስባላችሁ? 'ሳኖባር ኦፓ ተቸግረው ነበር፣ እድሜያቸውም ገፍቷል፣ እኛ ነን በፍቅር ዕቅዳችንን የሰጠናቸው፤ ጥፋቱ የኛ ደግነት ነው፤ ይማሯቸው' ብለን እንጻፍ። አሥራ አንድ ሰው ሲለምንላቸው ኮሚሽኑ ልቡ ይራራል። ማዕረጉም ይሰጣቸዋል፣ የኛም አይነካ።"

እንዴት ደስ እንዳለን! አንዳንዶቻችን ዓይናችንን ጠረግን። ሰው ራሱን ሲያድን ለሰው ያዘነ ከመሰለው ከዚያ የበለጠ ምቾት የለም። ወረቀት ተከፋፈልን። ከዚያ አሥራ አንድ የከፍተኛ ማዕረግ መምህራን ወረቀት ወረቀታችንን እያየን ሩብ ሰዓት ተቀመጥን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ሰው እኛን አይቶ መሆን አለበት።

በመጨረሻ ማሩፍ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ... ይህን ዓይነት ነገር አሳምረው የሚጽፉት..." አለና አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገው።

ከሰዓት በኋላ ሥጋ የተሞላ ትኩስ ሳምሳ በፎጣ ጠቅልለን ሳኖባር ኦፓ ቤት ሄድን። ወይኑ ሥር ባለው መደብ ላይ ተቀምጠው እንጆሪ እየለቀሙ ነበር። ሁሉም ሌላውን አየ። ኢንቲዞር ተናገረች፤ ለሳቸው ብለን መሆኑን ሦስት ጊዜ ደጋገመች።

ሳኖባር ኦፓ አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሟት። የተለቀመውን ወደ ጎን አደረጉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ።

"እኔ ከናንተ መቅዳቴን የሚመሰክረውን ደብዳቤ እኔ ልጽፍላችሁ?"

"ለእርስዎ ጥቅም ነው እኮ፣ ኦፓ!" አለች ኢንቲዞር።

"ገባኝ። ነይ ተቀመጪ። እንዴት ነው የረዳሽኝ?"

"ምን?"

"ልጽፈው አይደል? ንገሪኝ እንጂ። መቼ መጣሁብሽ? ምን ብዬ ለመንኩሽ? አንቺስ ምን አልሽኝ?"

ኢንቲዞር ወይኑን ቀና ብላ አየችው። "አንድ... አንድ ማታ መጡ እንበል።"

"አልቅሼ ነበር?"

"ትንሽ... ትንሽ ቢያለቅሱ ጥሩ ነው።"

"'ትንሽ አለቀሱ'" እያሉ ጻፉ። "ቀጥሎስ?"

በረድፍ ገባን። ለእያንዳንዱ በሱ አነጋገር ጻፉለት፤ የማሩፍ የአለቃ ደብዳቤ ሆነ፣ የኢንቲዞር ልብ የሚነካ ሆነ፣ የቶጂቦይ አጭርና ቀጥተኛ ሆነ። ቶጂቦይ ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነብ አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እኔ መጨረሻ ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ ብዕሩን ከደኑና ባዶ ወረቀት ሰጡኝ።

"አንተ ራስህ ጻፍ፣ ሀይደራሊ።"

"ለምን ኦፓ? ምን አጠፋሁ?"

"እጄ ደከመ።"

"ነገ ልምጣ?"

"ነገም ይደክመዋል፤" አሉና ወደ እንጆሪያቸው ተመለሱ።

እውነቱን ልናገር፤ ተናደድኩ። ለአሥር ሰው ጽፈው ለኔ መከልከላቸው አድልዎ መሰለኝ። መንገዱን ሁሉ እያጉረመረምኩ ገባሁ። ሚስቴ ኦይዲን ወረቀቱን አይታ "ምንድን ነው?" አለች። ነገርኳት። "ታዲያ ጻፈዋ፣ ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነህ አይደል?" አለች።

ተቀመጥኩ። "ሳኖባር ኦፓን የረዳኋቸው..." ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። መቼ? አንድ ቀን ፈለግኩ። ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ሐብሐቡ ትዝ አለኝ፤ እሱንም ግማሹን እዚያው ቁጭ ብዬ እኔው ነበርኩ የበላሁት። አንድ ነገር፣ ትንሽ ነገር፣ ቦርሳ መሸከም እንኳ፣ ፈልጌ አጣሁ። ውሸት ለመጻፍም ችሎታ ይጠይቃል፤ የለኝም። የቀረኝ እውነቱ ነበር። እሱንም እንዲህ ነው የጻፍኩት፦

"ለክቡር ኮሚሽን። እኔ ሀይደራሊ ጂኦግራፊ ነኝ። ድንጋዩ የኔ አይደለም። ድንጋዩን ከወንዝ ያነሣሁት እኔ ነኝ ግን የኔ አይደለም። ጨርቁ የሚስቴ ነው። አሥራ ዘጠኙ ገጽ የሳኖባር ኦፓ ነው። ቁልፉም ሰዓቱም ኳሱም የሳቸው ነው ኳሱ ግን የትምህርት ቤቱ ነው። እኔ የሠራሁት ዝም ማለት ነው። ያኔም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ ትናንት ፕሎቩ ላይም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ አላውቅም። ይኸው ነው። ከአክብሮት ጋር ሀይደራሊ።"

ኦይዲን አንብባው "እንዲህ አድርገህ ልትሰጣቸው ነው?" አለች። ሌላ አልነበረኝም። ሰጠሁ።

በሦስተኛው ቀን ናዚራ ባኪሮቭና ሁላችንንም ሰበሰቡ። አሥሩን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

"እንዴት ያምራሉ፤" አሉ። "የኢንቲዞርን ሳነብ እኔም ትንሽ አለቀስኩ። እነዚህን የጻፈ ሰው አሥራ ዘጠኝ ገጽ ዕቅድ ቢጽፍ አይገርመኝም።" ከዚያ የኔን አነሡ። በሌላ እጃቸው ከስድስት ዓመት በፊት በስሜ የገባውን ዕቅድ አነሡ። አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አዩ። "ሀይደራሊ፣ ይህንን ማን ጻፈልህ?"

"ማንም። እኔው ነኝ፣ ናዚራ ባኪሮቭና።"

"አምናለሁ። ይህን የጻፈ ሰው ያንን ሊጽፍ አይችልም። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም።"

በሕይወቴ የጻፍኩት አንድ ነገር ሥራ ሲሠራ ያኔ አየሁ፤ የሠራውም መጥፎ በመሆኑ ነው።

ሳኖባር ኦፓ በሳምንቱ ሌላ ክፍት ትምህርት ሰጡ፤ በማያውቋቸው ልጆች ፊት፣ ያለ መጋረጃ፣ ያለ አበባ። ጠየቁ፣ ዝም አሉ፤ ልጆቹ ተነሡ። ማዕረጉን አገኙ። የኔ ተነሣ። የሌሎቹም በመከር እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። ቶጂቦይ ያለፈው ሰው ሳይጎዳ እንዴት መውደቅ እንደሚችል አስተምሮ ነው፤ ራሱ ያሰበው ነገር ነበር፣ ምርጥ ትምህርት ነበር። ሌሎቹ ብዙዎቹ ወደቁ፣ ያውም ተጎድተው። ማሩፍ ወንበሩን በጥቂት ነገር አተረፈ።

ኢንቲዞር ለወር ያህል ሰላም አላለችኝም። ከዚያ አንድ ቀን ሻይ ልቀዳ ስል ከምስክር ወረቀቱ ሥር ያዘችኝ።

"አንተ! ለራስህ ነፍስ ብለህ አሥር ሰው አቃጠልክ። ሰው መርዳት እንዲህ ነው?"

"ኦፓን እኮ ነው የረዳሁት።"

"እሳቸውን ሁላችንም እየረዳን ነበር!" አለች። የሚያሳዝነው ከልቧ መሆኑ ነበር።

መርዳት ያስደስታል ይላሉ። እኔ ሰው የረዳሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ማዕረጌን ወሰደ፣ ሻዬን ለብቻዬ አስጠጣኝ። በመከር ሳኖባር ኦፓ በሩ ላይ ስማቸው በተጻፈበት ክፍል የመጀመሪያውን ኮርስ ሲከፍቱ እኔም ተመዘገብኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ልጆች መካከል ራሰ በራዬን ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ዕቅዴን ራሴ ጽፌ ሰጠኋቸው። ሲመልሱልኝ ገጹ በቀይ ቀለም ተሞልቷል፤ "ይህ ምን ማለት ነው?"፣ "ለምን?"፣ "እንደገና"። ኦይዲን አይታ አዘነችልኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ አለኝ ስል ዘንድሮ በማኅተም አይደለም። በዚያ ሁሉ ዓመት ጽፈውልኝ ያውቃሉ እንጂ አርመውኝ አያውቁም ነበር።

ዘንድሮ በመጋቢት ያ ወጣት ባለሙያ ያንኑ መጠይቅ ይዞ ተመለሰ። አንዳችን ከሌላው ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ማንም ወረቀቱን አልገፋም። የመጀመሪያው ጥያቄ "በዚህ ዓመት ባልደረባዎን ስንት ጊዜ ረዱ?" ይላል። "አንድ" አልኩ። ቀጣዩ "ምን ስሜት ሰጠዎት?" ይላል። እዚያ ላይ ተጣበቅኩ። የድሮ ልማድ ነውና አንገቴን ወደ ሳኖባር ኦፓ አሰገግኩ።

ወረቀታቸውን እንደ ተማሪ በክንዳቸው ከለሉት።

"ኦፓ፣ እርስዎ ምን ብለው መለሱ?"

"ያን ሁሉ ወረቀት ስሞላላችሁ አንዳችሁም ይህን ጠይቃችሁኝ አታውቁም፤" አሉ ቀና ሳይሉ።

እኔም ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። አርባ ደቂቃው ሲሞላ ወጣቱ ወረቀት መሰብሰብ ጀመረ፤ የሁላችንንም ወሰደ። ሳኖባር ኦፓ ዘንድ ሲደርስ ሰዓቱን አየ።

"አለቀ፣ መምህርት።"

"አላለቀም፤" አሉት። ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባውም ከላይ እስከ ታች ተጽፎበት ነበር። "ተጨማሪ ወረቀት አለህ?"

ወጣቱ ግራ ገብቶት ማሩፍን አየ። ማሩፍ ሻይ ማፍያውን አየ። ወጣቱ ከቦርሳው ሦስት ባዶ ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። ሳኖባር ኦፓ የመጀመሪያውን ወስደው ቀጠሉ፤ እኛም አንዳችን ሳንነሣ እስኪጨርሱ ጠበቅናቸው።